ወደ ጅማ ከመነሳታችን በፊት

ቨርጂኒያ ውስጥ በዓይን ቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ፣ የዓይን ሞራ በነፃ ከሚያነሳ ቡድን ጋር ጅማ ለመሄድ እየተሰናዳሁ ነው።

ወሬው ሲሰማ የማያመጣ ሰው አልነበረም። አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቀውኝ፣ ሟች ባለቤታቸው የተዉትን የስኳርና የግፊት መድኃኒት በፌስታል ሰጡኝ። ግማሹ ተጀምሯል። «ልጄ፣ ለቸገረው ይድረስ፤ እዚህ ተቀምጦ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። መውሰድ እንደማልችል እስክነግራቸው ጨነቀኝ። ግን ደፍረን መናገር አለብን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገሩ ሲገባ ቢያንስ 1 ዓመት እንዲቀረው፣ ከታማሚ የተመለሰም እንዳይላክ ያዛል። መድኃኒት ለማስገባትም ከኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚህ ለታማሚ የማልሰጠውን እዚያ ላለ ገበሬ በምን አንጀቴ እሰጣለሁ?

የሚያስፈልገውን የሚያውቀው እዚያ ያለው ሰው ነው። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እየደወልኩ፣ የጅማዋን የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሥራ ሳትጀምር አገኛታለሁ። ሐኪማችን ሞራውን በአልትራሳውንድ የሚፈጨውን ማሽን ይዘን እንሂድ ብሎ ነበር። ስነግራት፣ «እህቴ፣ ማሽኑን ተዉት። እናንተ ስትሄዱ የሚለወጠውን ዕቃ ከየት እናመጣለን? ዓይን ውስጥ የሚተከለውን ሌንስ በየቁጥሩ አምጡልን፤ ትራይፓን ብሉም እንዳትረሱ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እዚያ ብዙው ሰው የሚመጣው ሞራው በስሎ፣ ብሌኑ ነጭ ከሆነ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የዓይንን የተፈጥሮ ሌንስ የሸፈነው ስስ ከረጢት ስለማይለይ ትራይፓን ብሉ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም ይነከራል። በትንሽ ቀዳዳ በእጅ የሚሠራው ቀዶ ጥገና ደግሞ ያለዚያ ማሽን፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ስፌት ያልቃል። በዚህ የጅማ ሐኪሞች እጅ ከእኛ ይልቅ የለመደ ነው፤ የእኛው ሐኪም ሊማርበት ይገባል፤ እሱም ተቀብሎታል። በ120 ቮልት የሚሠራውን የአሜሪካ ዕቃ 220 ላይ ሰክቶ ከማቃጠልም ድነናል። ሻንጣዬ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት፤ የራሴን ልብስ ቀንሼ ሌንስና ጓንት ሞላሁበት።

ታማሚው የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ስለሆነ ሁሉን ይሰማል። ስለዚህ አሜሪካውያኑን «ሂን ሶቾኢን»፣ አትንቀሳቀስ ማለትን በኦሮምኛ እያስጠናኋቸው ነው። ሰው ስለት ዓይኑ ላይ እያለ በማያውቀው ቋንቋ ሲጮኹበት ይደነግጣል።

አጥብቄ የተከራከርኩት ግን ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ኢንፌክሽን ከገባ ዓይን በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ጠብታውም ለሳምንታት ይቀጥላል። እስከ መሳፈሪያችን ዋዜማ መሥራት የለብንም አልኩ። ሐኪሙ የሚታከመው ሰው ያንሳል ብሎ ቅር ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ተስማማ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ለክትትልና ታማሚዎቹን ለጅማ ነርሶች ለማስረከብ ሆኑ። መርሐ ግብሩን ልከንላቸው፣ የታማሚ ምዝገባ ከየወረዳው መጀመሩን ነግረውናል።