ተርጓሚው ዝም የሚልበት ፊልም

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ማታ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ቀላል አይደለም። ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይ ጠለቅ ስትል ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ስለዚህ የቆዩ የፖሊስ ፊልሞችን ማሳየት ስጀምር መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትኩስ ሻይ ነው። ፊልሙ ቀጥሎ መጣ።

ቦታው የዘመዴ ካፌ ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ፕሮጀክተር ተከራየሁ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርኩ፣ ስፒከር ከጓደኛዬ ተዋስኩ። የሚመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በደሴ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮችና ጋቢያቸውን የተከናነቡ የሰፈር አባቶች ናቸው። ከአባቶቹ አንዱ ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ ሁሉም ሰው "ሳጅን" ይላቸዋል።

እንግሊዝኛውን ሁሉም አይከታተለውም። ስለዚህ እኔ ከጎን ቁጭ ብዬ በማይክ እተረጉማለሁ። ጥሩ የፖሊስ ፊልም ምን እንደሆነ የገባኝም በዚህ ሥራ ነው። ደካማ ፊልም ሲሆን አፌ አያርፍም። "ይሄኛው የዚያኛው ወንድም ነው፤ ቅድም ሻንጣውን የወሰደው ያኛው ነው፤ አሁን የሚተኩሱት ደግሞ..." እያልኩ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ጥሩ ፊልም ከሆነ ግን ማይኩን አስቀምጬ አብሬ አያለሁ።

መጀመሪያ እንዲህ ያደረገኝ "ቡሊት" ነው። በፈረንጆቹ 1968 የወጣ፣ ፒተር የትስ ያዘጋጀው፣ ስቲቭ ማክዊን መርማሪ ፖሊስ ሆኖ የሚሠራበት ፊልም ነው። አጀማመሩ ቀስ ያለ ነው። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ማውጣት ጀምረው ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ያ ዝነኛ ማሳደድ ይመጣል። አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ ጥቁር ዶጅ ቻርጀርን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ያባርራል። አስር ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የሚናገር ሰው የለም። መኪኖቹ ፍጥነት ሲጨምሩ ሙዚቃውም ይቆማል። የሚሰማው ሞተርና የጎማ ጩኸት ነው።

ሾፌሮቹ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ጭነት ይዘው፣ ጭጋጉን ሰንጥቀው የሚወርዱ ናቸው። አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ነካ አድርጎ "ስማው፣ ማርሽ ቀነሰ" አለው። እኔ ከዚህ የተሻለ ምን ልተረጉም?

ሌላው ደግሞ ፊልሙ ሲያልቅ መጣና "ያ ጥቁር መኪና ስንት ጎማ ነው ያለው?" አለኝ። አራት ነዋ። "ታዲያ ያን ሁሉ የጎማ ክዳን ከየት አምጥቶ ነው የሚጥለው?" ልክ ነው። ቻርጀሩ ካለው ጎማ በላይ ክዳን ይጥላል። አንዲት አረንጓዴ ቮልስም ደጋግማ ትታለፋለች። አንዱ ሩጫ ከተለያየ አቅጣጫ ተቀርጾ ስለተቀጠለ ነው። እንዲያም ሆኖ ያቀናበረው ፍራንክ ኬለር ኦስካር ወስዶበታል። ሾፌሩ ስህተቱን እየቆጠረም ዓይኑን አልነቀለም። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። ማን ከፊት እንዳለ፣ ማን እንደሚከተል፣ መንገዱ ወዴት እንደሚታጠፍ ሁልጊዜ ታያላችሁ። በአሁኖቹ ብዙ ፊልሞች ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ በየሴኮንዱ ይቆረጣል፤ ማን ማንን እንደመታ ለማወቅ እኔን ትጠይቃላችሁ። እኔም አላውቀውም።

"ዳይ ሃርድ"ን (1988) ሳሳይ ደግሞ ስለ ሰውነት ተማርኩ። ብሩስ ዊሊስ የሚጫወተውን ፖሊስ አውሮፕላን ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይመክረዋል፤ ስትደርስ ጫማህን አውልቅና ምንጣፉ ላይ በባዶ እግርህ ተራመድ ይለዋል። ተራ ወሬ ትመስላለች። ከዚያ ዘራፊዎች እሱ ያለበትን ሕንጻ ሲይዙት ፖሊሱ በባዶ እግሩ ይቀራል። የመጀመሪያው ዘራፊ ሲሞት ከኋላ የተቀመጡ ልጆች "ጫማውን ውሰድበት!" ብለው ጮኹ። እሱም ይሞክራል፤ ይጠበዋል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በኋላ ጠላቶቹ መስታወቱን ሲሰባብሩት ግን የሳቀ አልነበረም። ቁስሉ እስከ መጨረሻው አብሮት ያነክሳል። አክተሩ እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሲያመው ካየን ማወቃችንን እንረሳዋለን።

የሆንግ ኮንጉ "ፖሊስ ስቶሪ"ም (1985) በዚሁ ይቆጠራል። ጃኪ ቻን ገበያ ማዕከል ውስጥ በመብራት የተጠቀለለ ረጅም ዘንግ ይዞ ወደ ታች ይንሸራተታል። እጁ የምር ተቃጥሏል። ፊልሙም ያችን ዝላይ ከተለያየ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ያሳያል፤ እመኑኝ እንደማለት ነው።

የአባቶቹ ምርጫ ግን የህንድ ፊልም ነበር። እሺ ብዬ "ዛንጂር"ን አመጣሁ። አሚታብ ባቻን በ1973 ስሙን ያገነነበት፣ ኢንስፔክተር ሆኖ የሠራበት ነው። እኔ ሂንዲ አልችልም። አንድ ኃይለኛ ሰው ጣቢያው ገብቶ ሊቀመጥ ሲል ኢንስፔክተሩ ወንበሩን በእርግጫ ይመታበታል። ትርጉም የጠየቀኝ የለም።

ዝም ማለት ያልቻልኩት "ደርቲ ሃሪ" (1971) ላይ ነው። ክሊንት ኢስትዉድ የሚጫወተው ፖሊስ ሃሪ፣ ልጅ ያገተውን ገዳይ ስታዲየም ውስጥ ይይዘዋል። ልጅቷ የት እንዳለች እንዲናገር የቆሰለ እግሩን ይረግጠዋል። በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ይጠራውና፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለበረበርክና ሰውየውንም ስላሰቃየህ ማስረጃው ዋጋ የለውም ይለዋል። ገዳዩ ይለቀቃል። እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩ። ሚራንዳ የሚባለውን የ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማስረዳት ነበረብኝ። ፖሊስ የያዘውን ሰው ከመመርመሩ በፊት ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው እንዲነግረው ያስገድዳል።

መልሼ ማስጀመር ግን አቃተኝ። አንዱ ተማሪ "ልጅቷን ሊያድን ነው እኮ!" አለ። አንዷ ደግሞ "ነገ ተሳስቶ አንተን ቢረግጥህስ?" አለችው። ተከፋፈሉ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

"ሳጅን፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?"

ሳጅን ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "መጀመሪያ ቃሉን እቀበላለሁ፣ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ይሄ ልጅ ፊልሙ ከተጀመረ አንድ ወረቀት አልጻፈም።" ሳቁ በረድ ሲል ግን ቀጠሉ። "የተያዘ ሰው መምታት ማንም ይችላል። ከባዱ ነገር የፈራ ምስክር እንዲናገር ማድረግ ነው።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ፊልም ስመርጥ ይህንንም አያለሁ። ፖሊሱ ከወንበዴው ጋር ብቻ የሚጣላ ከሆነ ተኩሱ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። ከሕጉ፣ ከአለቃው ወይም ከራሱ ጋር ከተጣላ ግን ሰው ካፌው በር ላይ ቆሞ ይከራከራል። እኔ በበኩሌ ሃሪ ጥፋተኛ ነው ባይ ነኝ፤ ፊልሙ ደግሞ ለእሱ ያደላል። ግን ከእኔ ጋር ያልተስማማ ፊልም መጥፎ ነው አልልም።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ በ"ቡሊት" አትጀምሩ፤ ተመልካቹ ገና አያምናችሁም። "ዳይ ሃርድ" ይሻላል። ምርጫ ስታደርጉ ድምፁን አጥፍታችሁ አንድ የተኩስ ቦታ እዩ። ማን የት እንዳለ ከጠፋችሁ ተዉት።

ለማሳየት የከበደኝ "ሂት" (1995) ነው። 170 ደቂቃ ነው፤ ማታ ደግሞ ባጃጅ ያልቃል። እረፍቱን ፖሊሱ አል ፓቺኖና ሌባው ሮበርት ዴ ኒሮ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ቡና ከሚጠጡበት ቦታ በኋላ አደረግኩት። ሁለቱ በ1974ቱ "ጎድፋዘር" ክፍል ሁለት ላይ ቢኖሩም አብረው የታዩበት ቦታ አልነበረም። ፖሊስና ሌባ ስለሚያዩት ሕልም ያወራሉ፤ እዚህ እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብዬ ተረጎምኩ። ከእረፍቱ በኋላ የባንክ ዘረፋው ይመጣል። የጥይቱ ድምፅ እዚያው ጎዳና ላይ የተቀዳ ነው፤ ከሕንጻ ሕንጻ ያስተጋባል። ሳጅን እንኳን ቀና አሉ። ባጃጅ እንዳያመልጠው የፈለገ በእረፍቱ ይሂድ ብዬ ነበር፤ የሄደ የለም። ሲያልቅ አንድ ሾፌር ተማሪዎቹን በአይሱዙው ጭኖ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ አደረሳቸው። መንገዱን ሙሉ ዴ ኒሮ ማምለጥ ነበረበት፣ አልነበረበትም እያሉ አደነቆሩኝ ብሏል።