የቦስተኑ አንጥረኛ

ቦስተን የሄድኩት ለሠርግ ነው። ቅዳሜ ጨፈርን፤ እሁድ ዝናብ ጣለ። አክስቴ "ቤት ቁጭ ብለን ግድግዳ እንይ እንዴ?" ስትል በግሪን ላይን ባቡር ወደ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ሄድን።

እኔን ሥዕሎቹ ነበሩ የጎተቱኝ። እሷ ግን የብር ዕቃዎቹ ጋ ቆመች። ማንቆርቆሪያ፣ ስኳር ማስቀመጫ፣ መቅረዝ። "ይህን ሁሉ ማን ነበር የሚወለውለው?" አለች። ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም፤ ዕቃዎቹ በተሠሩበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቦስተን ሀብታሞች ቤት ውስጥ ባሮችም ነበሩ።

ያኔ ባንክ የለም። ነጋዴው እጁ የገባውን የስፔን ብር ሰብስቦ አንጥረኛ ጋ ይሄዳል። ቀልጦ ማንቆርቆሪያ ይሆንለታል፤ ስሙም ይቀረጽበታል። ሌባ ቢወስደው ይለያላ! ሲቸግረው መልሶ ያቀልጠዋል። እኛ ማዕድኑንም ገንዘቡንም "ብር" የምንለው ለካ በከንቱ አይደለም። ለአክስቴ ይህን ስነግራት ምንም አልገረማትም። "እናቴ የአንገት መስቀሏን በጠገራ ብር አይደል ያሠራችው? እስኪጨርስ ካንጥረኛው ፊት አልተነሳችም፤ እንዳይቀንስባት።"

የቦስተኑ አንጥረኛ ፖል ሪቪር እ.ኤ.አ. በ1768 የሠራው ጎድጓዳ ሳህን ጋ ብዙ ቆየን። ቦስተን ያለችበት፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የማሳቹሴትስ ምክር ቤት የእንግሊዝን ቀረጥ የሚቃወም ደብዳቤ ለሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች ልኮ ነበር። ከንጉሡ "ሰርዙት" የሚል ትእዛዝ ሲመጣ 92 አባላት እምቢ አሉ። ሳህኑ የእነሱ መታሰቢያ ነው። ያሠሩት 15 ሰዎች ስማቸውን ዳር ዳሩን አስቀርጸዋል። ንጉሥ እየተቃወሙ ስምን በብር ላይ ማስጻፍ! ለዚያውም የመጠጥ ዕቃ ነው፤ ፓንች የሚባል የአልኮልና የፍራፍሬ ድብልቅ የሚቀዳበት።

ሠዓሊው ኮፕሊ የሳለው የሪቪር ምስልም እዚያው ሙዚየም አለ። የተሳለው በዚያው ዓመት ነው። ሰውየው ኮት የለውም፣ በሸሚዝ ነው። አንድ እጁ አገጩ ላይ፣ በሌላው ገና ምንም ያልተቀረጸበት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዟል። ሻይ ራሱ ቀረጥ የተጣለበት ጊዜ ነበር። አጋጣሚ ነው ብዬ ማመን ከበደኝ።

ሳይመሽ ኖርዝ ኤንድ የሚባለው የቦስተን ሰፈር ያለውን የሪቪርን የእንጨት ቤት ከውጭ አየነው። ወደ 1680 ገደማ የተሠራ ነው፤ ትንሽ ነው። ሪቪር ከሁለት ሚስቶች 16 ልጆች እንደወለደ፣ ከብሩ ሌላ ሰው ሠራሽ ጥርስም ይገጥም እንደነበር ለአክስቴ ነገርኳት።

ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና "16?" አለች። "እንኳን ጥርስ፣ ሌላም ይሠራል!"