በመኪና ላይ ተጨማሪ ሶኬት መዘርጋት፦ ለጀማሪ ባልደረቦቼ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ አንጋፋ ባለሙያ ሥር ሆኜ በትርፍ ጊዜዬ በመማር ላይ ነኝ። ብቻዬን ጀምሬ የጨረስኩት የመጀመሪያ ሥራ በፒክአፕ መኪናዬ ላይ ሁለተኛ የ12 ቮልት ሶኬት መዘርጋት ነው። ከፋብሪካው የመጣው የሲጋራ መለኮሻ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ስወጣ የስልክ ቻርጀርና የጎማ መንፊያ በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። ሥራው በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነው፤ ቀላል ስለሚመስል ግን ብዙ ሰው ያለ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቦ ያገናኛል፤ እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው ሶኬቱ ላይ ምን እንደሚሰካ ነው። ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል፤ 120 ዋት የሚወስድ የጎማ መንፊያ በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፣ የስልክ ቻርጀር ግን ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 አምፔር አያልፍም። የሽቦውም ሆነ የፊውዙ መጠን የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው። አዲሱን ሶኬት ከነባሩ መስመር ላይ መቀጠል የሚቀናቸው አሉ፤ በዚያ መስመር ላይ ሁለቱም ዕቃዎች አብረው ሲሠሩ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ትልቅ ፊውዝ ይተካና ቀጭኑን የፋብሪካ ሽቦ ለአደጋ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ከባትሪው የሚነሳ የራሱ መስመር እንዲኖረው እመክራለሁ።

ስለ ፊውዝ ያስተማሩኝ ጋሼ በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ቃል ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ፊውዝ የሚገባው ስልክህን ለማዳን አይደለም፤ ሽቦውን ለማዳን ነው።» ነገሩን ሳሰላስለው ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ሆኖ አገኘሁት። ጤነኛ የመኪና ባትሪ ፖዘቲቩ ከቦዲው ጋር በቀጥታ ሲገናኝ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ስለሚችል፣ ቀጭን ሽቦ በሰከንዶች ውስጥ ግሎ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ አጠገቡ ያለውንም ዕቃ ያቀጣጥላል። ፊውዙ ሶኬቱ አጠገብ ከተቀመጠ ከባትሪው እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦ በሙሉ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ የፊውዙ ቦታ ባትሪው አጠገብ ነው፤ ከፖዘቲቩ ከአንድ ስንዝር ባይርቅ ይመረጣል። መጠኑም ከዕቃው ፍላጎት ትንሽ ከፍ፣ ሽቦው ከሚችለው ደግሞ ዝቅ ማለት አለበት፤ ለ10 አምፔር ጭነት 15 አምፔር የሚለው ሰማያዊው ፊውዝ ይበቃል። ቀዩ 10፣ ቢጫው 20 አምፔር መሆኑን በቃል መያዝ ይጠቅማል።

ለሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጠመረ ተጣጣፊ ሽቦ ተጠቅሜአለሁ። ለቤት የሚዘረጋው ባለ አንድ ወፍራም ክር ሽቦ ለመኪና አይሆንም፤ የጠጠር መንገድ ንዝረት ውሎ አድሮ ከማሰሪያው ላይ ይሰብረዋል። ውፍረቱን የሚወስነው ደግሞ ሙቀት ብቻ አይደለም። አራት ሜትር በሚሆን የ2.5 ሽቦ 10 አምፔር ሲያልፍ ወደ 0.3 ቮልት ገደማ በመንገድ ይጠፋል፤ በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው ወደ 0.7 ቮልት ይደርሳል፣ የጎማ መንፊያውም ድምፁ ሰልሎ ሲያቃስት ይሰማል።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚፈታው የባትሪው ነጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው ቦዲውን ከነካ ብልጭታ ይፈጠራልና። ሽቦውን ከኮፈኑ ሥር ወደ ጋቢና ለማሳለፍ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ላሜራ ላይ ቀድሞ የነበረውን የጎማ መሸፈኛ ተጠቀምኩ። መሸፈኛውን በትንሹ በስቼ ሽቦውን በጎማው መሐል ሳሳልፈው ላሜራውን በየትም በኩል አልነካውም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የላሜራው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ነው፤ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ያለፈ ሽቦ በየጉዞው ትንሽ በትንሹ እየተፋቀ አንድ ቀን መዳቡ ይጋለጣል። ከዳሽቦርዱ ሥር ስትሠሩ ቢጫ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎች አትንኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ናቸው። ሶኬቱን ለመትከል ፕላስቲኩን በትራፓኖ መብሳት ከሁሉም የቀለለው ክፍል ስለሆነ አልዘረዝረውም፤ የመሐሉ ፒን ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ነጌቲቭ መሆኑን ብቻ አስተውሉ።

ነጌቲቩን ከቦዲው ጋር በሚያገናኘው ቡሎን ሥር ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብረቱን ካጠራሁ በኋላ ተርሚናሉን አጥብቄ፣ ከላይ ግራሶ ቀባሁት። የጎጃም ክረምት ረጅምና ዝናቡ ብዙ በመሆኑ ሳይቀባ የቀረ መገጣጠሚያ ቶሎ ይዝጋል፤ «ሶኬቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ መነሻው ከዚህ ነው። መገጣጠሚያዎችን በናስትሮ ብቻ መጠቅለልም አልወደውም፤ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የሞተሩ ሙቀት ሙጫውን አቅልጦ ይፈታዋል። በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይሻላል።

ሶኬቱ ሁልጊዜ ኃይል ይኑረው ወይስ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚለው እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። 40 ዋት የሚስብ ትንሽ ማቀዝቀዣ 10 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ቢሠራ ከ33 አምፔር ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ይህም ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን ከግማሽ በታች ያወርደዋል፤ ጠዋት ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። እኔ ሶኬቱ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል እንዲያገኝ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ መርጫለሁ። እግሮቹ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች መሠረት የሚገናኘው እንዲህ ነው፦ 30 ቁጥር ከፊውዙ፣ 87 ወደ ሶኬቱ፣ 86 ቁልፍ ሲከፈት ኃይል ከሚያገኝ መስመር፣ 85 ወደ ቦዲ።

በ24 ቮልት የሚሠራ የጭነት መኪና ያላችሁ ግን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት አትውሰዱ። ሁለቱ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆነ አንዱ ሲጎድል ዲናሞው ለይቶ አይሞላለትም፤ ሙሉው ከመጠን በላይ ሲሞላ ጎዶሎው እንደ ጎደለ ይቀራል፣ በመጨረሻም ሁለቱም ይበላሻሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር መግዛት ይሻላል። ሁለት ባትሪ ያለው መኪና ሁሉ ደግሞ 24 ቮልት ስላልሆነ አስቀድሞ በቴስተር መለካት ያስፈልጋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፊውዙን መጨረሻ አስገብቼ፣ ሞተሩ እየሠራ የጎማ መንፊያውን ሰክቼ አንድ ጎማ እስኪሞላ ድረስ ፊውዙን፣ የሽቦውን መገጣጠሚያዎችና ሶኬቱን በእጄ እየዳሰስኩ ተከታተልኩ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ ጣት የሚያስነሳ ትኩሳት ግን በዚያ ቦታ መገጣጠሚያው እንዳልጠበቀ ያሳያል። በባትሪው ላይና በሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት መንፊያው እየሠራ ለክታችሁ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ መጀመሪያ ነጌቲቩን ፈትሹ። ከመጀመሪያው የጠጠር መንገድ ጉዞ በኋላም ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።