ቀንድ የሌላቸውን አልፋችሁ ትሄዳላችሁ

ደቡብ ኦሞ የሚሠራ አስጎብኚ ሁሉ ይህን ፕሮግራም በቃሉ ያውቀዋል። ጂንካ ይታደራል። ሲነጋጋ ይወጣል። የአካባቢው አስጎብኚ ከከተማው ይያዛል፤ ማጎ ፓርክ በር ላይ ይከፈላል፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይጫናል። የገንዲ ዝንብ እንዳይገባ መስኮት ይዘጋል። ሙርሲ መንደር ተገብቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሒሳብ ተከፍሎ፣ ለምሳ ጂንካ ይደረሳል። ከሰዓት አይኬድም። ለእንግዳው «ከሰዓት ወንዶቹ ይጠጣሉ» ይባላል። አረቄውን ከከተማ ጭኖ የሚያወርድላቸው ማን እንደሆነ ግን አይነገረውም።

መንደሩ ውስጥ የምንቆየው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ሰው ስለ አንድ ሕዝብ የዕድሜ ልክ አስተያየት ይዞ ይወጣል። ይህን ለዓመታት ሳይ ኖሬአለሁ። አንዱ ጉዞ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

እንግዶቹ ከአዲስ አበባ ነበሩ። የአንድ የግል ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ጉዞው ሽልማት ሆኖ ነው የተሰጣቸው። አለቃቸውም አብሯቸው ነበር። ስለ ሰውየው አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ጨዋ ሰው ነው። ጂንካ በገባንበት ምሽት ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛውን ዝም ብሎ አላለፋቸውም። ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ እንዴት አመሹ?» አለ፣ ልጆቻቸው ደህና መሆናቸውን ጠየቀ። አስተናጋጇን ስሟን፣ አገሯን፣ ወላጆቿ በሕይወት መኖራቸውን ጠይቆ ነው ምግብ ያዘዘው። ሾፌሮቹን ከጎኑ አስቀምጦ አጎረሳቸው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር።

በማግሥቱ እሱ ባለበት ላንድክሩዘር ውስጥ እኔና አንድ አንጋፋ አስጎብኚ ነበርን። ጋሼ ነው የምንላቸው። መንገዱን፣ ዝናብ ሲጥል መኪና የሚይዘው ጭቃ የት የት እንደሆነ፣ ከስካውቶቹ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወደ ማጎ ቁልቁለቱን ስንጀምር የተለመደውን ጨዋታ አነሡ።

«ድሮ ባሪያ ፈንጋዮች ይመጡ ነበር። ሴቶቹ እንዳይወሰዱ ብለው ከንፈራቸውን እየቀደዱ ራሳቸውን አበላሹ። በዚያው ባህል ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ከንፈራቸው ውስጥ የሚያስገቡት ሸክላ በሰፋ ቁጥር ለጥሎሽ የሚሰጠው ከብት ይበዛል።»

መኪናው ውስጥ «ውይ!»፣ «በስመ አብ!» ተባለ። አለቃው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

ጋሼ አጠገቤ ናቸው። ግን በቀጥታ ተጠይቄያለሁ። «አይደለም» አልኩት። ሙርሲዎች ራሳቸው እንዲህ አይሉም። ዴቪድ ተርተን የሚባል እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተመላለሰ አጥንቷቸዋል፤ እሱም ይህን የባሪያ ፍንገላ ታሪክ አልተቀበለውም። የከብቱም ነገር እንደሚወራው አይደለም። በባህላቸው ለጥሎሽ የሚጠቀሰው 38 ከብት ነው። ብዙ ጊዜ ጋብቻው የሚታሰበው የልጅቷ ከንፈር ገና ሳይበሳ ስለሆነ፣ የሸክላው ስፋት ከዋጋው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከንፈሯ የሚበሳው 15 ወይም 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። እናቷ ወይም ሌላ ሴት ትበሳታለች። ቁስሉ እስኪድን እንጨት ይሰካበታል። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደምታሰፋው የምትወስነው ራሷ ናት። አግብታ ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ ታደርገዋለች። ለእነሱ የሴት ልጅ ክብርና ኩራት ነው። ራስን ማበላሸት ያልነው እኛ ነን።

«ያም ሆነ ይህ ኋላ ቀርነት ነው» አለ።

«የእኔ አያት አንገቷ እስከ አገጯ ድረስ ንቅሳት ነበር» አልኩት። «ድዷንም በመርፌ ተነቅሳ አጥቁራዋለች። ሲወጋ ማልቀስ ነውር ነበር ትለን ነበር። ኋላ ቀር ናት ያላት ሰው አላውቅም።»

«እሱ ሌላ ነው።»

ለምን ሌላ እንደሆነ አልነገረኝም። ጋሼም እስከ ፓርኩ በር ድረስ ዝም አሉ።

መንደሩ ስንደርስ እንደ ልማዱ ሆነ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ስልክና ካሜራ ወጣ፣ ሰው ሁሉ ተበተነ። ሴቶቹና ልጆቹ ከጎጆዎቹ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። አንዷ ራሷ ላይ የከብት ቀንድ ደርድራለች። ሌላዋ የከርከሮ ጥርስ በግንባሯ አንጠልጥላለች። ፊታቸውን በነጭ አፈር ተቀብተዋል። አለቃው ባለ ቀንዷ ዘንድ ቀጥ ብሎ ሄደና ስልኩን ፊቷ ላይ ደቅኖ ያነሣት ጀመር። ሴትየዋ በጣቶቿ ትቆጥራለች። ሒሳቡ በፎቶ ስለሆነ አንድም አታልፈውም። እንዳበቃ ጣቶቿን አሳየችው።

«ምን? ለአገሬ ሰው ፎቶ ይህን ሁሉ ልክፈል?» አለ። ከዚያ የአካባቢውን አስጎብኚ ጠራው። ልጁ የዚያው መንደር ተወላጅ ነው፤ ጂንካ ነው የተማረው። «እስቲ ይህ ቀንድ በባህላችሁ ምን ትርጉም እንዳለው ጠይቅልኝ» አለው።

ልጁ ጠየቃት። ሴትየዋ ሳቀች። ለጎረቤቷ አንድ ነገር ብላ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብላ መለሰች።

ልጁ ተረጎመ። «ትርጉም የለውም ትላለች። ዛሬ ጠዋት መኪና ስንሰማ ነው ያደረግነው። ቀንድ የሌላቸውን ሴቶች አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።»

ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ስለዚህ እያታለላችሁን ነው ማለት ነው? ባህል ብለን መጥተን ቲያትር ነው የምታሳዩን?»

ይህ አባባሉ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ጎብኚው ቀንድ ያላትን መርጦ ይከፍላል። እሷ ልጆች አሏት፤ ቀንዱን ራሷ ላይ ታደርጋለች። እሱ ፎቶውን ይዞ ይሄድና «ሙርሲዎች እንዲህ ናቸው» ይላል። ሲነገረው ደግሞ አታላዮች ናቸው ይላል። አውሬ ብትመስል ኋላ ቀር ናት፤ ለምን እንደመሰለች ብትናገር ሌባ ናት። ይህች ሴት ምን ብትሆን ነው ሰው የምትሆነው?

ሴትየዋ ግን አልጨረሰችም። ወደ ልጁ ዞራ ሌላ ነገር ጠየቀች። ልጁ አመነታ። እኔን አየኝ። «ንገረው እንጂ» አልኩት።

«ሰውየው ማን ይባላል ትላለች። ከብት አለው ወይ? ልጆቹ ስንት ናቸው? ከመጣ ጀምሮ ሰላም አላለኝም።»

አለቃው ቆሞ ቀረ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ «ይከፈላትና እንሂድ» አለ። ሰላም ሳይላት ሄደ። ሴትየዋ ገንዘቡን ተቀብላ በጨርቅ ቋጠረችው፤ ቀንዱንም እዚያው አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ትላንት ማታ ዘበኛውን ጎንበስ ብሎ ሰላም ያለው ሰው ይኸው ነው። ሰው ደጃፍ ገብቶ ሳይነጋገሩ መውጣት ነውር መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ጎጃም ወይም ሸዋ አንድ ገበሬ ግቢ ቢገባ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ ሳይጠይቅ ስልኩን አያወጣም። ጨዋነቱ ማጎ ፓርክ በር ላይ የቀረው ለምንድን ነው? እኔ የምለው፣ መኪና ውስጥ የሰማው ታሪክ ነው ያስቀረው። ከመድረሳችን በፊት ሰዎቹ የሚታዩ እንጂ የሚነጋገሩ እንዳልሆኑ ተነግሮታል።

በመልሱ መንገድ መኪናው ውስጥ «ገንዘብ ብቻ ነው የሚያውቁት» የሚል ወሬ ሞቀ። አንዷ ወጣት ሠራተኛ «ከብት አርቢ አይደሉም እንዴ? ገንዘቡን ምን ያደርጉታል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መለስኩላት። ሙርሲዎች በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 7,500 ገደማ ነበሩ። ከብት ያረባሉ፤ ግን ከብት ብቻውን አያኖራቸውም፣ የገንዲ በሽታም ይፈጅባቸዋል። ትልቁ መተማመኛቸው ማሽላ ነበር። የኦሞ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው ደለል ላይ ይዘራሉ። ሰማዩ ቢከዳቸው ወንዙ አይከዳቸውም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ቁመቱ 243 ሜትር ነው። እሱ ወንዙን ከያዘው ወዲህ ሙላቱ እንደ ድሮው አይመጣም። እህል የሚሸመተው በብር ነው። ብር ይዞ የሚመጣው ደግሞ ቱሪስት ነው። እኛ አዲስ አበባ የምናበራው መብራት በከፊል ከዚያ ወንዝ ላይ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

ልጅቷ ፀጥ ብላ ሰማችኝና «ይህን ስንሄድ ብትነግሩን ጥሩ ነበር» አለች። ልክ ናት።

አዲስ አበባ ስንመለስ የአስጎብኚ ድርጅታችን ቢሮ ተጠራሁ። ቅሬታ ቀርቦብኛል፤ አስጎብኚው እንግዳውን በአካባቢው ሰው ፊት አሸማቀቀ የሚል። በዚያ ላይ አንጋፋ ባልደረባዬን በእንግዳ ፊት ተቃውሜያለሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «እንግዳ የሚከፍለው ለመዝናናት ነው። ታሪኩ ትንሽ ቢጣፍጥ ማንን ይጎዳል?» አለኝ።

«የሚጎዳው ቢሮ መጥቶ ቅሬታ ማቅረብ የማይችለውን ሰው ነው» አልኩት።

ጋሼም ተጠርተው ነበር። እሳቸው ያሉት አልጠፋኝም። «ልጄ፣ እኔም ይህን ታሪክ ከበላዮቼ ነው የሰማሁት፤ ፈረንጆቹም መጽሐፋቸው ላይ አንብበውት ነው የሚመጡት። ሌላ ብነግራቸው አያውቅም ይሉኛል።» እውነታቸውን ነው። ለእንግዳው የሚነገረው እንግዳው ይዞት የመጣው ነው፤ ሲመለስም ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ሥራችን ግን ይህ መሆን የለበትም። ለጋሼ ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ ያን ታሪክ ግን እሳቸው ቢናገሩትም አልቀበልም።

ለቢሮው ሐሳብ አቀረብኩ። ሙርሲ ከመሄዳችን በፊት ከጂንካ በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ሙዚየም እንጎብኝ። መንደሩ ስንደርስ መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብለን እንተዋወቅ፤ ካሜራ ከዚያ በኋላ ይውጣ። ክፍያው ከየፎቶው ይልቅ ለመንደሩ በአንድ ላይ ይሁን፤ ቀንድ ያላትና የሌላት እኩል ታገኛለች። «ጊዜ የለም፣ ፕሮግራሙ ይንዛዛል» ተባልኩ።

እኔ ግን በራሴ ጉዞዎች ላይ የቻልኩትን አደርጋለሁ። ሙዚየሙን ዋዜማው ከሰዓት እናያለን። መንደር ስንገባ ያ የአካባቢው አስጎብኚ እንግዶቹን አንድ በአንድ በስማቸው ያስተዋውቃል፤ የሴቶቹንም ስም ይነግራቸዋል። ሰዓቱን እያየ የሚቁነጠነጥ እንግዳ አለ። ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ተጠይቆ ሲመልስ መነሣት የሚጠላም አለ። ሴቶቹ አሁንም መኪና ሲሰሙ ቀንዱን ያደርጋሉ፤ ከእኔ ፊትና ኋላ የሚመጡት መኪኖች ብዙ ናቸውና አልፈርድባቸውም። የክፍያውን ነገር ደግሞ አንድ አስጎብኚ ብቻውን አይቀይረውም። ቢሮው መስማማት አለበት፤ ሌሎቹም ድርጅቶች እንደዚሁ። ሐሳቤን በየዓመቱ የሥራ ግምገማ ላይ አነሣለሁ። ዘንድሮም አንሥቻለሁ፤ በዚህኛው ስብሰባ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው ደግፈውኛል።