መቼ እንደሚገለበጥ

ነገር ያለ ችግር ሲሳካ መጠራጠር የቆየ አመሌ ነው። የቁጥርን ትልቁን ባይት በሚያስቀድም የስፓርክ ማሽን ላይ የተፈጠረ የመረጃ ቋት ፋይል ትንሹን በሚያስቀድመው የኢንቴል ኮምፒውተሬ ላይ እንደ ቤተኛ ሲከፈት ጊዜ፣ ፋይሉን የሚያነበውንና የሚጽፈውን ላይብረሪ፣ የበርክሊ ዲቢን፣ የሲ ኮድ ዘርግቼ ማንበብ ያዝኩ።

ከፋይሉ መነሻ 12 ባይት አልፎ መለያ ቁጥር አለ። ለቢ-ትሪ ፋይል (ቁልፎችን በቅደም ተከተል ለሚይዘው) ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 053162 ነው። አንዱ ማሽን 00 05 31 62 ብሎ ይጽፈዋል፣ ሌላው 62 31 05 00። ላይብረሪው ቁጥሩን ካላወቀው ባይቶቹን ገልብጦ ያየዋል፤ ያኔ ከገጠመ ፋይሉ የባዕድ ማሽን መሆኑን ይረዳል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ገጽ (ፋይሉ የሚከፋፈልበት ቁራሽ) ከዲስክ ሲነበብ ይገለበጣል፣ ሲጻፍም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ባይኖር 4096 የሚለው የገጽ መጠን 1048576 ተብሎ ይነበብ ነበር።

መገልበጡንስ ማንም ይገለብጣል፤ ያስደነቀኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በገጹ ራስጌ ላይ የመዝገቦቹን ብዛት የሚናገር ባለ ሁለት ባይት ቁጥር አለ፤ ከራስጌው ቀጥሎ እያንዳንዱ መዝገብ የት እንደሚጀምር የሚጠቁም ዝርዝር ይከተላል። ገጹ ሲነበብ መጀመሪያ ብዛቱ ይቃናል፣ ከዚያ ዝርዝሩ በብዛቱ ልክ ይገለበጣል። ሲጻፍ ግን ብዛቱ ገና ሳይገለበጥ መያዝ አለበት። አለዚያ 3 መዝገብ ያለው ገጽ 768 ያለው ይመስልና ዑደቱ ጤነኛውን መረጃ ሁሉ ያተራምሰዋል። የገጹ ዓይነትና ደረጃ አንድ አንድ ባይት ብቻ ስለሆኑ ማንም አይነካቸውም።

በመዝገቦቹ ውስጥ ያሉት ቁልፎችና እሴቶችም አይነኩም። ላይብረሪው ስም ይሁኑ ቁጥር በምን ያውቃል? ትክክል ነው፤ ዳፋው ግን ለእኛ ይተርፋል። ቁልፎች በነባሪው ስልት የሚነጻጸሩት ባይት በባይት ነው። ትንሹን ባይት በሚያስቀድም ማሽን 256 የተጻፈው 00 01 00 00 ተብሎ ስለሆነ፣ 01 00 00 00 ከሆነው ከ1 ቀድሞ ይሰለፋል። ኤስኪውላይት የተባለው ሌላ የመረጃ ቋት የፋይሉን ቁጥሮች በየትኛውም ማሽን ላይ ትልቁን ባይት አስቀድሞ ይጽፋል፤ እኔም ከእንግዲህ የቁጥር ቁልፎቼን እንደዚያው አደርጋለሁ። የራስን ማነጻጸሪያ ፈንክሽን ጽፎ በየፕሮግራሙ ከማዞር ይሻላል። አሉታዊ ቁጥሮች ብቻ ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ አሉታዊነትን የሚያመለክተው የምልክቱ ቢት ካልተቀየረ በስተቀር −1 ከአዎንታዊዎቹ ሁሉ በኋላ ይሰለፋል።