ሰፈሩን በበርበሬ ያጠነች ድመት

በእኛ ቤት ስለ አየር ሁኔታ የመናገር ሥልጣን ያላቸው ሦስት አካላት ናቸው። አንደኛው የምሽት ሁለት ሰዓት ዜና ነው። ሁለተኛዋ እማዬ ናት፤ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትቆምና እንጦጦን አየት አድርጋ ፍርዷን ትሰጣለች፤ ይግባኝ የለውም። ሦስተኛው የአባዬ ግራ ጉልበት ነው። ይህ ጉልበት ሐምሌና ነሐሴን አንድ ቀን ሳይስት ዝናብ ይተነብያል። ሐምሌ ላይ ዝናብ ለመተንበይ ጉልበት ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን የጠየቀ የለም፤ ጡረታ የወጣ ሰው አንድ ሥራ ቢኖረው ምናለበት።

በጋ ሲገባ ሦስቱም ይስማማሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ትንበያው ያው ነው፦ ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ፤ የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜም ተጠናክሮ ይቀጥላል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ ሥር ለምንኖር ሰዎች ቅዝቃዜው ዜና አይደለም፤ ጠዋት ፊታችንን ስንታጠብ ሰምተነዋል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ በቴሌቪዥን «ተጠናክሮ ይቀጥላል» ከተባሉት ነገሮች ሁሉ ቃሉን ጠብቆ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ወደ ድመቶቹ ልምጣ። ሁለት ናቸው። እናትየው ሻሽ ትባላለች፤ ሁለመናዋ ግራጫ ሆኖ አናቷ ላይ ብቻ ነጭ ስላለባት። ልጇ ጉልቻ ነው፤ ከምድጃ ሥር ንቅንቅ ስለማይል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት የኛውን አይመለከትም፤ እሱ ድርሻው እስከደረሰው ድረስ ወጡ ጣፈጠ አልጣፈጠ ግድ የለውም። ሻሽን ግን የቤታችን ድመት ናት ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ቀኑን በማን ቤት እንደምትውል አይታወቅም። ሦስት ቤት ሦስት ስም እንዳላት ሰምቻለሁ። ወደ እኛ የምትመጣው ለእራት ነው፣ ሰዓቷም አይዛነፍም፤ የዜናው መግቢያ ሙዚቃ ሲጀምር ከጎረቤት አጥር ተስፈንጥራ ወደ ቆርቆሯችን ትዘላለች። መሀል ላይ የምትረግጠው መወጣጫ ዲሹን ነው።

ዲሽ ያለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተሰቅሏል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ዲሻችን ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ነው፤ ለድመት እግር ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ምስል ደግሞ ዲሹ ጣት በምታህል ከተነቃነቀ ይቆራረጣል፤ ትንሽ ከባሰ «ሲግናል የለም» ብሎ ቁጭ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት የዜናውን አርዕስት እንሰማለን፣ ዝርዝሩን ሻሽ ትወስደዋለች።

ኅዳር ላይ እማዬ የዓመቱን በርበሬ ገዛች። ማረቆ ነው፤ ሌላውን በርበሬ አትለውም። ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና እያፈሉ ሲቀነጥሱ ዋሉና ግቢው መሀል ሰፊ ሸራ ተዘርግቶ ተሰጣ። ስጥ ጠባቂ ተብዬ የተሾምኩት እኔ ነኝ። ዶሮ የለን፣ ፍየል የለን፣ ከምን እንደምጠብቀው ስጠይቅ እማዬ «ከሰው ዓይን» አለችኝ።

ከሰው ዓይን ጠበቅሁት። ጉልቻ ግን የሰው ዓይን አይደለም። ዛላው በፀሐይ ሲግል መሀሉን ጎድጎድ አድርጎ ተኛበት። ከዚያ ወዲያ ባባርረው፣ በመጥረጊያ ባስፈራራው፣ ዞሬ ሳበቃ እዚያው ነው። እንዴት እንደማያቃጥለው ገርሞኝ ነበር። ለካ የሚያቃጥለው እሱን ሳይሆን ሌላውን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ተነሥቶ፣ አካሉን አራግፎ፣ ቤት ገባና ሶፋው ላይ ያለው የአባዬ ጋቢ ላይ ተጠቅልሎ የቀረውን እንቅልፍ ጨረሰ።

ማታ አባዬ ጋቢውን ለብሶ ዜና ሊያይ ተቀመጠ። ዓይኑን ትንሽ በላው መሰለኝ፣ በጋቢው ጫፍ አሸት አደረገው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ቴሌቪዥኑን ማየት አቆምን። እንባው ዝርግፍ አለ። እሱ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ የነካካው ጋቢ ሲጨምርበት፣ ሲጨምርበት ሲጠርግ። በዚያች ደቂቃ ዜናው ስፖርት ላይ ደርሶ ስለ ዋሊያዎቹ እያወራ ነበርና እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው። «ዛሬም ተሸነፉ እንዴ?» አለችው። ነገሩ ሲገባት ወተት በንጹሕ ጨርቅ ነክራ ዓይኑ ላይ አደረገችለት። ወተቱ በጉንጩ ሲወርድ ጉልቻ ደረቱ ላይ ወጥቶ ጢሙን መላስ ጀመረ። አባዬ ዓይኑ ስለተሸፈነ እማዬ መስላው «በቃሽ፣ ተሻለኝ» ይላታል።

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሰሞን ነው። ማለትም ትንበያው በተነገረበት ምሽት። እኛ ትንበያውን የሰማነው እንዲህ ነው፦ ሙዚቃው ጀመረ፣ ቆርቆሮው «ጓ!» አለ፣ ምስሉ ተቆራረጠ። አባዬ ዜናውን ቢያልፈው ምንም አይመስለው፣ የአየር ትንበያን ግን አይምርም። ኩርማን መሬት ባይኖረውም የአገሩን የአፈር እርጥበት በየዞኑ ካልሰማ አይተኛም። «ውጣ ቶሎ!» አለኝና ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሻሽ ከጎኔ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«አሁንስ?»

«አልመጣም!»

«አሁን?»

«መጣ፣ መጣ… ሄደ! ምን ነካህ፣ እዚያው ላይ አትይዘውም?»

«የቱ ላይ?»

«ቅድም የነበረበት ላይ!»

ቅድም የነበረበትን የሚያውቅ ከመሀላችን ሻሽ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ አትናገርም።

ስወርድ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። እማዬ ካርታው ላይ ለአንድ አፍታ ፀሐይ ተስላ አይታለች። «በዓይኔ ያየሁትን! ፀሐይ ናት፣ ቢጫ!» አባዬ ደግሞ ተንባዩ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ሲቀር አይቷል፤ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «በመሆኑም» ነበር። «በመሆኑም ካለ በኋላ ጥሩ ነገር መጥቶ አያውቅም፤ በርበሬው ይግባ» አለ። እማዬ ጉልበቱን ጠየቀችው። ጉልበቱ ምንም አላለም፤ በጋ ስለሆነ እረፍት ላይ ነው። በድምፅ ብልጫ በርበሬው ውጭ አደረ። እኔ ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ፤ ሸራ መሸከሙ የማን ዕጣ እንደሆነ ስለማውቅ።

ከ«በመሆኑም» በኋላ የተባለውን በማግሥቱ ከጎረቤት ሰማነው፦ በመሆኑም ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል የደረሰ ሰብል እንዲሰበሰብ። ነገሩ ምክንያት አለው። ለእኛ በጋ የሆነው ጊዜ ለደቡቡና ለደቡብ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው። አንዳንድ ዓመት ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥበት ይበረታና እዚያ መቆሙን ትቶ እስከ መሀል አገር ይዘልቃል። ይህንን ሁሉ አሁን አውቄያለሁ። ያን ሌሊት የማውቀው ግን ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ መንጎዱን ነበር።

ሁላችንም በርኖስና ጋቢ ደርበን ወጣን። መብራት እርግጥ ሄዷል፤ ደመና ካየ አይቆምም። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ እማዬና አባዬ የሸራውን አራት ጫፍ ያዝን። «አንድ፣ ሁለት…» ብለን ስናነሣው ከመሀል የሆነ ነገር ጮኸ። ጉልቻ ነው። የበርበሬው ሙቀት ስላልለቀቀው እዚያው ተኝቶ ነበር። ዘልሎ የወጣው በአባዬ ትከሻ ላይ ነው። አባዬ በጨለማ ጥፍር ያለው ነገር ትከሻው ላይ ሲያርፍበት አማተበ። ለማማተብ ደግሞ ቀኝ እጅ ያስፈልጋል፣ ጫፉን የያዘበት እጅ። ግማሹ በርበሬ በቦዩ ጉዞውን ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት በማጠብ፣ እንደገና በማስጣት፣ በምጣድ ላይ በማመስና ድመት በማባረር አለፈ። የዳነው አንድ ማዳበሪያ ሆነ፤ ለወፍጮ ቤት ተቋጥሮ በር አጠገብ ተቀመጠ። ጭቃ የነካውና የሻገተው ሌላ ማዳበሪያ ሞላ። እሱም በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ምክንያቱም እማዬ ዕቃ አትጥልም፣ «ዝም በሉት፣ ለአንድ ነገር ይሆናል» ነው የምትለው። ሁለት አንድ ዓይነት ማዳበሪያ፣ አንድ በር አጠገብ። አሁን ነገሩ የሚገባችሁ መሰለኝ።

ኅዳር 12 ደረሰ። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. በዓለም የስፔን ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው። እኛ የኅዳር በሽታ ብለነዋል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የዳኑት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን ሰፈር ይጠረጋል፣ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ በሽታው በጭስ ይሸኛል። ቆሻሻ ማቃጠል አየር እንደሚበክል በዜና የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ ግን ዜናው ሲጀምር ሻሽ ዲሹ ላይ ናት።

ዕለቱ የሚካኤል ንግሥ ነውና እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ታናሽ ወንድሜ ግቢውን ጠረገ፤ መቼም ያ ልጅ ግቢ የጠረገበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። የሰፈሩ ጎረምሶች ከመንገዱ ዳር የከመሩት ላይ የእኛንም ጨመረ፣ በር አጠገብ ካገኛቸው ሁለት ማዳበሪያዎችም አንዱን። አመሻሽ ላይ እሳት ለኮሱበት።

መጀመሪያ የሳለው ለኩሶ የቆመው ልጅ ነው። ቀጥሎ አጠገቡ ያሉት። አመሻሽ ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጭሱን ቁልቁል ወደ ቀበና ይዞት ሄደ፣ በመንገዱ ያለውን ቤት ሁሉ እያንኳኳ። ሰው በሩን እየከፈተ ይወጣል፣ ውጭው ስለሚብስ ተመልሶ ይገባል። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል፣ «ያኑርህ» ለማለት አፉን የከፈተው ራሱ ያስነጥሳል፤ መጨረሻ ላይ ማን ማንን እንዲምር እንደሚለምን አልታወቅ አለ። ወፍራም ድምፅ ያለው የኮረኮንቹ ባለሱቅ መስኮቱን ዘግቶ ከውስጥ «ዛሬ ዱቤ የለም!» እያለ ይጮኻል፣ ምን አገናኘው እኔ እንጃ። የሰፈራችን ትልቋ እማማ በነጠላ አፋቸውን ይዘው ወጡና ሁሉም ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው ፈስሶ፣ እየሳለ አዩት። «ተመልሶ መጣ!» አሉ። «እናቴ የነገረችኝ ልክ ይሄ ነው፤ እንዲህ ነው የጀመረው!»

ሻሽ ከነፋሱ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ዲሹ ሥር ተቀምጣ ቁልቁል ታየናለች።

እማዬ ከንግሥ ስትመለስ መታጠፊያው ላይ ቆመች። ሁሉም አፍንጫውን ሲይዝ እሷ የያዘችውን ነጠላ ዝቅ አድርጋ አሸተተች። አንዴ። ደግማ አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ማረቆ ነው» አለች።

«የሻገተው ነው፣ አይዞሽ» አልኳት እየሳልኩ።

«የሻገተ እንዲህ አይልም። ይሄ የታጠበው ነው። ያመስኩት!» ብላ ወደ ግቢ ሮጠች። የቀረውን ማዳበሪያ ፈታች። እውነትም ሻጋታው ቁጭ ብሏል። ሰው ሁሉ ትንፋሽ አጥሮት በቆመበት ቦታ የበርበሬ ጥራት በአፍንጫዋ ለይታ የፈረደች ሴት፣ እንጦጦን አይታ ዝናብ እንዴት እንደሳተች እስካሁን አይገባኝም። ወንድሜ ያን ማታ የተኛው ጎረቤት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ሦስተኛው ቤት ያሉት ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር፤ ክስ ይዘው የመጡ መስሎኝ አባዬን ልጠራ ስል በእጃቸው ፌስታል አየሁ። ድምፃቸው የወትሮው አይደለም፤ ጠርቷል።

«የእኔ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ብለው፣ «ከስንት ዘመን የታፈነ አፍንጫዬ ትናንት ማታ ተከፈተ። ሐኪም ቤት ያልሄድኩበት የለም። ከዚያች ነገር ትንሽ ተርፋችሁ እንደሆነ…»

እማዬ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ፌስታሉን ተቀብላ ከማዳበሪያው ሁለት እፍኝ ዘግና ቋጠረችላቸው።

«ትናንት የታጠኑት ንጹሑን ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ይሄ የሻገተው ነው፤ ለአፍንጫ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን እባክዎ ከማጨስዎ በፊት ይንገሩን፤ ልብስ አስጥቻለሁ።»