ከቄጠማ ወደ ሳጋቱራ፦ ሎሚ ቦታዋን እንዴት እንደለየች

ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን እንግዳ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቡና ተፈላ። ቡችላዬ ሎሚ ቄጠማው ላይ ተጋድማ ቆየች። ሽንቷ ሲመጣ ተነስታ በረንዳ ሄደች፣ ሳፋዋ ላይ ሸናች፣ ተመልሳ መጥታ ተኛች። ቡችላ አሳድጎ የማያውቅ ሰው ይሄ ምን ይደንቃል ይል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሥራ እየዋለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ግን ይገባዋል።

ሎሚ ነጭ፣ ጸጉራም፣ ትንሽዬ ውሻ ናት። የማልቲዝ ድቅል ናት ተብዬ ነው የወሰድኳት፤ ያኔ ሁለት ወር አልፏታል። የምኖረው አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ነው፣ ሥራዬ እዚያው ከተማ ሜክሲኮ አካባቢ። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ሰርቪስ እይዛለሁ፣ የምመለሰው ማታ 12 ሰዓት አልፎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አብሬያት ቆየሁ። የሌሊቱን ለቅሶና ጫማ መቆርጠሙን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አስቡ። ቡችላ ሽንቱን መቋጠር የሚችለው በወር ዕድሜው ልክ ነው፤ ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢጨመር ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሦስት ሰዓት ከቆየ ጎበዝ ነው። ትንንሾቹ ዝርያዎች ደግሞ ፊኛቸውም ትንሽ ስለሆነ ከትልልቆቹ ያነሰ ጊዜ ነው የሚቋጥሩት። እንግዲህ 11 ሰዓት ከቤት የሚርቅ ሰው «ያዢው» ብሎ ሊያስተምር አይችልም። ማስተማር የሚችለው የት እንደሚሸና ብቻ ነው። ይሄን ከተቀበላችሁ ብዙ ንዴት ይቀርላችኋል።

ወደ ታች ማውረዱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ አይሆንም። ግቢያችን ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይውላሉ። ቡችላ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ ደግሞ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ክትባቱ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደጋገመ እስከ አራት ወር አካባቢ ይሄዳል። እሱ እስኪያልቅ በረንዳችን ነው ሜዳችን።

ስለ ኬጅ፣ ማለትም ውሻ ስለሚዘጋበት የሽቦ ሳጥን፣ የማስበውን ሳልደብቅ ልናገር። የውጭ ቪዲዮዎች ሁሉ ኬጅ ኬጅ ይላሉ። ሰው ቤት ሲኖር ጥሩ ዘዴ ነው፣ ምክንያቱም ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ሥራ ውሎ ለሚመጣ ሰው ግን ጭካኔ ነው። ቡችላዋ ሳትወድ በግዷ መኝታዋ ላይ ትሸናለች። ይሄ ሲደጋገም ያ ከእናቷ ይዛው የመጣችው ንጽሕና ይጠፋል፣ እሱን መልሶ ማምጣት ደግሞ ከባድ ነው። እኔ ከኩሽናው እስከ በረንዳው ያለውን ቦታ በጣውላ ከለልኩላት። በአንዱ ጫፍ መኝታዋና ውሃዋ፣ በሌላው ጫፍ መሽኛዋ። መሽኛው ሰፊ የላስቲክ ሳፋ ነው፤ በአንድ በኩል ጠርዙን በቢላ ዝቅ አድርጌ ቆርጬ፣ ሆዷን እንዳይቧጭራት በፕላስተር ጠቀለልኩት።

የጎረቤቴ ልጅ ትምህርቱ በከሰዓት ፈረቃ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ገብቶ ያበላታል፣ እስክትጸዳ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቆልፎ ይሄዳል። ቡችላ ከበላ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይጸዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እናቱ መጀመሪያ «ውሻ ቦታው ደጅ ነው» ብላኝ ነበር። አሁን እሷም ፍርፋሪ ስጋ ትልክላታለች። የኪስ ገንዘብ እሰጠዋለሁ፤ ከማወጣው ሁሉ እንደዚህ የሚያረካኝ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት ልግባ።

ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ያደረግኩት ቄጠማ ነው። ከጉልት አንድ እቅፍ ገዝቼ እጎዘጉዛለሁ፣ ሲረጥብ እቀይራለሁ። ጋዜጣ ይረጥብና እግሯ ላይ ይጣበቃል፣ ትቀዳደውማለች። ቄጠማው ግን ሽታውን ይይዛል፣ ቤቱን አያስጠላም፣ እሷም ወደደችው። ሳፋው ውስጥ ትገባለች፣ ሁለቴ ትዞራለች፣ ትሸናለች። በጣም ቶሎ ለመደች።

ፋሲካ መጣ። ሳሎን ቄጠማ ተጎዘጎዘ። የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። ወላጆቼ፣ እንግዶች፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል፤ ሎሚ መሃል ላይ ገብታ፣ ሁለቴ ዞራ፣ የተማረችውን በትክክል አደረገች። አባቴ ሊቆጣት ሲነሳ ያዝኩት። ጥፋት የለባትም። ቡችላ የሚማረው ክፍሉን አይደለም፤ እግሩ ሥር የሚሰማውን ነው። ሣር የለመደ ሣር ይፈልጋል፣ ምንጣፍ የለመደ ምንጣፍ ይፈልጋል። ቄጠማ በየበዓሉ፣ በየቡናው በሚጎዘጎዝበት አገር ይሄ ቀላል ችግር አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ወገን ነበረው። አንደኛው መሽኛውን መለወጥ። ከእንጨት ቤት አንድ ማዳበሪያ ሳጋቱራ አመጣሁ። በአንዴ ብለውጠው አትገባም ነበር። ስለዚህ ከሥር ጥቂት ሳጋቱራ፣ ከላይ ቄጠማ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ሳጋቱራው እየጨመረ፣ ቄጠማው እየቀነሰ ሄደ። ጠርዙ ላይ ቆማ ካመነታች ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ጥቂት ቄጠማ እጨምራለሁ። ስቀይር ደግሞ የረጠበውን ሁሉ አልጥልም፤ ሽታው እንዲመራት አንድ እፍኝ አስቀራለሁ። ሳጋቱራ ስትወስዱ ከሙሉ እንጨት የተሰነጠቀውን ጠይቁ። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ሙጫ አለበት፣ ይደቅቃልም፤ አፍንጫቸው ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ወገን ነው የኔ ኩራት። ቄጠማ ምን እንደሆነ እንደገና ማስተማር ነበረብኝ። ውሻ የሚበላበትና የሚተኛበት ላይ መሽናት አይፈልግም። እንግዲያው በመኝታዋ በኩል ትንሽ ቄጠማ ጎዘጎዝኩና ምግቧን እዚያ ላይ አደረግኩ። የተቀቀለ ጉበት በጥቃቅኑ ቆርጬ በቄጠማው መሃል በትኜ እንድትፈልግ ተውኳት። አፍንጫዋን ቀብራ ቅጠሉን በእግሯ እየገለበጠች አንድ በአንድ ትለቅማለች። ቀስ በቀስ ቄጠማ ምግብ ሆነ፣ ከዚያ መኝታ ሆነ። ሳሎን ውስጥ ስሞክረው መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከሸናች በኋላ ብቻ፣ ዓይኔን ሳልነቅል ነበር። እያሸተተች መዞር ስትጀምር ምንም ሳልናገር አንስቼ ሳፋው ላይ። እዚያ ስትጨርስ ወዲያው ጉበት። «ወዲያው» ስል ያው እዚያው ቆሜ ማለቴ ነው፤ ኩሽና ደርሶ እስኪመጣ ምክንያቱ ይጠፋባታል።

ቁጣን በተመለከተ ደግሞ አልደራደርም። አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ማሸት፣ ማታ ገብቶ ጠዋት ለሸናችው መቅጣት፣ ምንም አያስተምርም። «ጥፋቷን ታውቃለች፣ አንገቷን ትደፋለች» የሚሉኝ አሉ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ በ2009 ይሄንኑ ፈትሻ፣ ውሾቹ ያንን ፊት የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣ እንጂ በእርግጥ ስላጠፉ እንዳልሆነ አሳይታለች። ሎሚ አንገቷን የምትደፋው ድምፄን ፈርታ ነው። የተቀጣች ቡችላ የምትማረው ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ መሽናት ነው።

ጽዳቱ ላይ አጭር ነገር። በረኪና ሽንት ላይ አታፍሱ። ከሽንቱ ጋር ተገናኝቶ የሚያስል ጭስ ያወጣል። እኔ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል አድርጌ እወለውላለሁ። ጨርቅ ወይም ፍራሽ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም እንዳለው የተጻፈበት የልብስ ዱቄት ሳሙና ይሻላል። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም አይገናኙ፤ አደገኛ ጋዝ ነው።

አሁን ክትባቷ አልቋል፣ ጠዋት ጠዋት ታች እንወርዳለን። አዲሱ ፈተና እዚህ ነው። ግቢውን ሁሉ ታሸታለች፣ ትጫወታለች፣ አትሸናም። አራት ፎቅ ወጥታ ሳፋዋ ውስጥ ገብታ ነው የምትሸናው። ከትናንት ጀምሮ የረጠበ ሳጋቱራ በፌስታል ይዤ እየወረድኩ ከግራር ዛፉ ሥር መበተን ጀምሬያለሁ። ዛሬ እዚያ ቆማ ብዙ አሸተተች፣ አንዴ ዞረች፣ አንድ ሞተር ሳይክል አለፈና ተወችው። ነገ ግቢው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ላወርዳት ነው። ከሳጋቱራ ወደ መሬት ያሻገራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።